ከቁጣ በፊት ያለችው ሰዓት



ስለ ቁጣ በየሚንበሩም ሆነ በየጋዜጣው ብዙ ተብሏል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ግን መካሪው ነው። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት እንደ መካሪ ሳይሆን እንደ ተመካሪ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እንደ ተከሳሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም፣ በ1443 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን፣ እዚህ ጋምቤላ ከተማ በምሰግድበት መስጂድ ተራዊሕ ላይ ቆመናል። ወሩ ሚያዝያ ነው። ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው የዚህን ወቅት ሙቀት ያውቀዋል፤ ቀኑ አርባ ዲግሪ ሲደርስ ሌሊቱም እፎይታ አይሰጥም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተሩ ከመስኮቱ ሥር ይንደቀደቃል። ለአደባባይ በሚበቃ ኃይል የተከፈተው ድምፅ ማጉያ በአራቱ ግድግዳ መካከል ያስተጋባል። ግራና ቀኝ የቆሙት ወንድሞቼ ትከሻ በላብ ርሶ ከትከሻዬ ጋር ተጣብቋል። የአንዱ ሽቶ ከሌላው ሽቶ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ዘግቶታል። ከኋላችን ደግሞ ልጆች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ባዶ ሃይላንድ በእጁ እየጨመቀ ያንኮሻኩሻል።

ሶላቴን አቋርጬ ዞርኩ። የልጁን ክንድ ጨምድጄ ይዤ በአላህ ቤት ውስጥ ጮኽኩበት። ምን ብዬ እንደጮኽኩ ዛሬም አላስታውስም፤ በኋላ የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። ወደ በሩ ስገፋው ግንባሩ ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ጎረቤቴ ነው።

ሶላቱ ሲያበቃ ሰዉ በሁለት ተከፈለ። ከፊሉ «ጂን አለበት፤ ቁርኣን ይቀራበት» አለ። ከፊሉ ደግሞ «ጂን አይደለም፤ አደብ የጎደለው ሰው ነው፤ ዱሮም ግልፍተኛ ነው» አለ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ሸህ እያልን የምናከብራቸው፣ ምንም ሳይሉ ከግቢው ጥግ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወስደው አስቀመጡኝ። ውኃ አመጡልኝና ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ያህል አንድ ቃል አልተናገሩም።

በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው ይህ ጥያቄ የተወለደው። ለመሆኑ ያደረግኩት ነገር ኃጢአት ነው ወይስ ሕመም? ኃጢአት ከሆነ ለምን መከልከል አቃተኝ? ሕመም ከሆነስ የዚያ ልጅ ግንባር ዕዳ የማን ነው?

ሕመሙ ስም አለው

ስለ ራሴ ለነገሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ልናገር። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ወደዚህ አገር ከመጡት መካከል ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። በአንድ የእህል መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥር አይጮኽም፣ አይሸትም፣ ስለዚህ እንስማማለን። ልጅ ሳለሁ ሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ አልጋ ሥር እገባ ነበር። የሱፍ ሹራብ ያለበሱኝ ቀን ገላዬን እስኪደማ እቧጥጠው ነበር። እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ ወዳጃ ሰብስባ ዱዓእ ታስደርግልኝ ነበር።

ከዚያ ረመዷን ከወራት በኋላ የእህቴን ልጅ ለምርመራ ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሟ ስለ ልጁ ትጠይቀኛለች፤ እኔ እመልሳለሁ። ድምፅ ይረብሸዋል ወይ? ያልጠበቀው ሰው ሲነካው ይደነግጣል ወይ? የለመደው ነገር ሲቀየርበት ይጨነቃል ወይ? እየቆየ ስመለከተው የምመልሰው ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ራሴ ሆኗል። በኋላ እኔም ተመረመርኩ። የሁለታችንም ነገር አንድ ስም ተሰጠው፤ ኦቲዝም።

ኦቲዝም ሰው አብሮት የሚወለድ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ስለተከታተሏቸው 11 ሕፃናት ሲጽፉ፣ ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ከፍተኛ ድምፅ እንደሚያሸብራቸው መዝግበው ነበር። ይሁን እንጂ ይህ የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያወጣው መመሪያ ውስጥ ከመለያ ምልክቶቹ እንደ አንዱ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ከ70 ዓመት በኋላ ነው።

አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳ። የብዙ ሰው አእምሮ ወንፊት አለው። ኢማሙ ሲቀሩ የኢማሙን ድምፅ ያስገባል፤ የጄኔሬተሩን፣ የሳሉን፣ የልብሱን መፋተግ ያስቀራል። የእኔ ወንፊት ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ሁሉም በእኩል ኃይል ይገባል። ሁሉም ሲገባ ሰውነት አደጋ የመጣ ይመስለዋል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ቃል ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሰዎች ቁጣ ይሉታል። ነገር ግን ልዩነት አለው። አንድ ነገር ፈልጎ የሚቆጣ ሰው የፈለገውን ሲያገኝ ይበርዳል። ይህኛው የሚፈልገው ነገር የለም፤ ሞልቶ የፈሰሰ ነው። ለመብረድም ሰዓታት ይፈጅበታል።

የጋምቤላ ሰው ይህን ከባሮ ወንዝ ሊማረው ይችላል። ባሮ ሲሞላ ብዙ ጊዜ የእኛ ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ዝናቡ የጣለው ኢሉባቦር ደጋ ላይ ነው፤ ውኃው ወርዶ ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ ጎርፍ ይሆናል። በዚያው በ2014 ዓ.ም ክረምት ማብቂያ ላይ በክልላችን ብዙ ሺህ ሰዎችን ያፈናቀለውን ጎርፍ አንረሳውም። ልጁ ያንኮሻኮሸው ፕላስቲክም ለቁጣዬ የመጨረሻዋ ጠብታ እንጂ ዝናቡ አልነበረም። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲጥል ውሏል፤ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የገበያው ግርግር፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ግለት፣ የፆሙ ጥም፣ ያልተኛሁት ሌሊት።

በአገራችን ኦቲዝም ስሙ በይፋ እንዲነሳ ካደረጉት ሰዎች መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ቀዳሚዋ ናቸው። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ወላጆች እርግማን ነው ብለው ልጆቻቸውን ጓዳ በሚደብቁበት ዘመን ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደማይቀረው ዓለም ሄደዋል። እንዲሁም በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የሚታሰበው የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው በሙስሊሟ አገር በቀጠር አቅራቢነት መሆኑን ማወቁ ለእኛ ቁም ነገር አለው። እኔ ልጁን የገፋሁበት ያ ረመዷን የገባውም በዚያው በመጋቢት 24 ቀን ነበር። እኔ ግን ያኔ ቀኑንም ስሙንም አላውቅም ነበር።

ልጆቹ ቀስ በቀስ ስም እያገኙ ነው። ስም ሳናገኝ ያደግነውስ? የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባስቀመጠው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። አምስት መቶ ሰው በሚሰግድበት ጁሙዓ ላይ አራት ያህል ማለት ነው። እነዚህ አራት ሰዎች በየሰፈሩ ሌላ ስም አላቸው፤ ግልፍተኛ፣ ኩሩ፣ ሰው ጠል፣ ጂን ያለበት።

ሁለቱ ቀላል መልሶች

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ኃጢአት ነው ወይስ ሕመም? ሁለት ቀላል መልሶች ቀርበውልኛል። ሁለቱንም ሞክሬአቸዋለሁ፤ ሁለቱም ጎድተውኛል።

የመጀመሪያው «ሸይጧን ነው፤ ኢማንህ ደክሞ ነው» የሚለው ነው። ቁጣ የሸይጧን መግቢያ በር ስለመሆኑ የሚከራከር ሙስሊም የለም። ነገር ግን በሩን የከፈተው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሸይጧንን ብቻ መርገም በሩን ክፍት ትቶ ሌባን እንደመርገም ነው። እኔ ለዓመታት ኢማኔ ደካማ ስለሆነ ነው ብዬ ይበልጥ ወደ ጫጫታው ገባሁ፤ ፊተኛው ሶፍ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር። ይበልጥም ፈነዳሁ።

ሁለተኛው «ሕመም ነው፤ አትወቀስም» የሚለው ነው። ይህ ከአዲስ አበባ ስመለስ ይዤው የመጣሁት መልስ ነው። ደስ ይላል። ለጥቂት ሳምንታትም አሳረፈኝ። አንድ ቀን ግን ባለቤቴ የሻይ ብርጭቆ ሰበርኩባትና «ታውቂያለሽ፣ ሕመሜ ነው» አልኳት። እርሷም ስባሪውን እየለቀመች፣ «ሕመሙ ያንተ ነው፤ ስባሪው ግን ሁልጊዜ የኔ ነው» አለችኝ። ይህን ቃል ለሦስት ቀን ሳመላልሰው ቆየሁ።

በእርግጥም ሸሪዓችን እዚህ ላይ ጥንቁቅ ነው። ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ መነሳቱን፣ ማለትም ከተኛ እስኪነቃ፣ ከሕፃን እስኪያድግ፣ አእምሮው ከታወከ እስኪመለስለት ድረስ ኃጢአት እንደማይጻፍ እናውቃለን። ነገር ግን የፊቅህ ሊቃውንት በዚሁ አጠገብ ሌላ ነገር ያስተምራሉ። ሕፃን ወይም አእምሮው የታወከ ሰው የሌላውን ንብረት ቢያጠፋ ኃጢአት ባይኖርበትም ካሳው ከገንዘቡ ይከፈላል። ኃጢአት ቢነሳም ዕዳ አይነሳም። የአላህ ሐቅ ሌላ፣ የባሪያው ሐቅ ሌላ ነው። እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አእምሮው የታወከ ሰው ዕዳው ካልቀረለት፣ እኔ ሒሳብ የምሠራ፣ የምነግድ፣ የምሰግድ ሰው በየትኛው ፈትዋ ልቀርበት ነው?

ቁጣ ሦስት ደረጃ አለው

በ505 ሂጅራ ያለፉት ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉሙ-ዲን መጽሐፋቸው ቁጣ ሰው ራሱን ከጉዳት እንዲከላከል የተሰጠው ኃይል መሆኑን፣ ጥፋቱ ሲያንስም ሲበዛም መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ከእኔ የሚጠበቀው የማይሰማ ድንጋይ መሆን አይደለም።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት በ751 ሂጅራ ያለፉት ኢብኑል ቀይዪም ደግሞ በቁጣ ላይ ሆኖ ሚስቱን ስለፈታ ሰው ሲጽፉ ቁጣን በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ገና ሲጀምር ነው፤ ሰውዬው የሚናገረውን ያውቃል፣ ስለዚህ ይጠየቅበታል። ሁለተኛው ዳር የደረሰ ነው፤ ምን እንደሚል አያውቅም፣ ስለዚህ ፍቺው አይጸናም። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ሊቃውንትም የተለያዩት በእርሱ ላይ ነው። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ብይንም አልሰጥም። ነገር ግን ይህን አከፋፈል ስሰማ ያቺን የሚያዝያ ሌሊት እንደ ካርታ ዘረጋልኝ። ልጁን የያዝኩበት ቅጽበት ዳር የደረሰው ነበር። ወደዚያ ዳር ግን በክንፍ በርሬ አልደረስኩም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት። በስምንተኛው ረከዓ ጥርሴ መንከስ ጀምሮ ነበር። በአሥረኛው ጆሮዬ ይጮኽ ነበር። ከዚያም የኢማሙ ቃል ትርጉም አልባ ድምፅ ሆነብኝ። አውቄዋለሁ። መውጣት ግን አፈርኩ። «ተራዊሕ አቋርጦ ወጣ» እንዳልባል ቆምኩ።

ጥፋቴ እዚያች ላይ ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንቅልፍ ጥሎት ሶላት ያለፈው ሰው በእንቅልፉ እንደማይወቀስ፣ ወቀሳው ነቅቶ እያለ ጊዜው እስኪያልፍ ችላ ባለው ላይ መሆኑን አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ለእኔ ከማንኛውም የሕክምና መጽሐፍ በላይ ጉዳዬን ገላጭ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዳር በደረሰው ቁጣ ውስጥ እኔ እንደተኛ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ባለችው ሰዓት ግን ነቅቻለሁ። የምጠየቀው በእርሷ ነው።

ሐዲሶቹን በዚህ ዓይን ስንመለከት አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን። ምክር የጠየቃቸውን ሰው ደጋግመው እንዳይቆጣ መክረውታል። እንዴት እንደሚደረግ ሲያስተምሩ ግን የቆመው እንዲቀመጥ፣ በዚያ ካልለቀቀው እንዲጋደም አዘዋል። የተቆጣ ዝም እንዲል አዘዋል። ሰነዱ ላይ ሊቃውንት ቢነጋገሩም አቡ ዳውድ ባስተላለፉት ሐዲስ ውዱእ እንዲያደርግ ተመክሯል። መቀመጥ፣ መጋደም፣ ዝምታ፣ ቀዝቃዛ ውኃ! እነዚህ በልብ ውስጥ ብቻ የሚደረጉ ነገሮች አይደሉም፤ በአካል የሚደረጉ ናቸው። ቁጣ በአካል በኩል እንደሚገባ፣ በአካል በኩልም እንደሚወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እነዚያ ሸህ ከኒሙ ሥር ያደረጉልኝም ይኸው ነበር፤ አስቀመጡኝ፣ ውኃ ሰጡኝ፣ ዝም አሉ።

የተጣለውን ማንሳት

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከጡር ተራራ ሲመለሱ ሕዝባቸው ጥጃ ሲያመልክ አግኝተው መቆጣታቸውን፣ ጽላቶቹን መጣላቸውን፣ የወንድማቸውን የሃሩንን ራስ ይዘው መጎተታቸውን ቁርኣን ይነግረናል። የእርሳቸው ቁጣ ለአላህ ሲባል ነው፤ የእኔ ለጆሮዬ ነው፤ ስለዚህ ራሴን ከእርሳቸው ጋር አላወዳድርም። ነገር ግን በሱረቱል አዕራፍ ቁጣቸው መብረዱ የተገለጸበት የዐረብኛው ቃል «ዝም አለ» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ቁጣ የሚጮኽ ነገር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቁጣው ዝም ሲል ምን አደረጉ? ጽላቶቹን አነሱ። የጣሉትን ራሳቸው አነሱት። ከዚያ በፊትም ለራሳቸውና ለወንድማቸው ምሕረት ለምነዋል።

እኔም በማግስቱ ከፈጅር በኋላ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔን አውፍ ብትለኝ አልፌሃለሁ፤ የተመታው ግን እርሱ ነው» አለና ልጁን ጠራው። ልጁ ከአባቱ ኋላ ቆመ። ግንባሩ አብጧል። የአሥር ዓመት ልጅን «አውፍ በለኝ» ማለት ለአንድ ሽማግሌ ከማለት ይከብዳል፤ ልጅ ወግ አያውቅምና አልፌሃለሁ ብሎ አይሸኝህም። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ «ለምን ነው ያመመህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበር። «አላውቅም፤ አንተ ግን ምንም አላጠፋህም» አልኩት። ወደ ክሊኒክ ወስደን አሳየነው፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን ሳይሆን ዕዳ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ሰዓት መጠበቅ ሥራዬ አድርጌዋለሁ። ገበያ የምሄደው ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ባጃጁ ሳይበዛ ነው። በመስጂድ ከበሩ አጠገብ፣ የሶፉ ጫፍ ላይ እቆማለሁ፤ አንዱ ትከሻዬ ነፃ ይሆናል። ተራዊሕ ላይ ድምፁ ሲበረታ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ አደርጋለሁ፤ ቁርኣኑ ይሰማኛል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል። እንደኔ ያሉ ብዙ ሰዎች መቆጣታቸውን የሚያውቁት ከጮኹ በኋላ ስለሆነ፣ ስሜቴን ሳይሆን ጥርሴን እጠይቃለሁ። ጥርሴ ሲነክስ እወጣለሁ። ከቤት ስሆን ለባለቤቴ «ባሮ እየሞላ ነው» እላታለሁ፤ እርሷ ልጆቹን ትይዛለች፣ እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ጥዬ እጋደማለሁ። ዛሬም አንዳንድ ጊዜ እዘገያለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም እሰብራለሁ። ስባሪውን ግን የምለቅመው እኔ ነኝ።

የጀመዓው ድርሻ

እዚህ ላይ «ሁሉም ሰው ሕመም አለብኝ ካለ አደብ የት ይቀራል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ እኔ ከይቅርታም ከካሳም ነፃ አድርጉኝ አላልኩም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ከመፈንዳቴ በፊት ስወጣ አታሳፍሩኝ።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ዒሻን ሲያሰግዱ ሱረቱል በቀራን ጀመሩ። ቀኑን ሲደክም የዋለ አንድ ሰው ጀመዓውን ትቶ ለብቻው ሰግዶ ሄደ። ሙናፊቅ ተባለ። ሰውዬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ሲል የተገሠጸው የወጣው ሰው ሳይሆን ሶላቱን ያስረዘሙት ሙዓዝ ነበሩ፤ ከኋላ ደካማ፣ ሽማግሌና ጉዳይ ያለው ሰው እንዳለ ተነገራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸውም የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱን ላለማስጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጂድ እንዲርቅ ያዘዙት የአንዱ ሽታ ሌላውን ስለሚያስቸግር ነው። በኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰምተው፣ እያንዳንዳቸው ከጌታቸው ጋር እየተነጋገሩ ስለሆነ አንዱ ሌላውን በቂርኣት ድምፅ እንዳያስቸግር ከልክለዋል። ልብ በሉ! የተከለከለው የዘፈን ጩኸት አይደለም፤ የቁርኣን ድምፅ ነው። ቁርኣንም ለሶላት ድምፅ ከመጮኽና ከማንሾካሾክ መካከል ያለውን መንገድ እንድንይዝ አዞናል።

ታዲያ እኛ በአራት ግድግዳ መካከል የአደባባይ ድምፅ ማጉያ የምንከፍተው ለማን ነው? የውስጡን ድምፅ ለውስጥ ሰው በሚበቃ ልክ ማድረግ፣ ጄኔሬተሩን ከመስኮቱ ማራቅ፣ ከበሩ አጠገብ ለሚቸገር ሰው ቦታ መተው፣ የወጣውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ክንዱን ከመያዝ ይልቅ ውኃ አስቀምጦ ፈንጠር ማለት። ከእነዚህ አብዛኛው ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠቅመውም ለኦቲዝም ሰው ብቻ አይደለም። ራሱን ለሚያመው ሽማግሌ፣ ሕፃን ለያዘች እናት፣ ተኩስ ሰምቶ ለሸሸ ሰውም ነው። በዚህ ክልል ከእ.ኤ.አ. 2013 መጨረሻ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች አሉ። ድንገተኛ ድምፅ ለእነርሱ ምን እንደሆነ እነርሱ ያውቃሉ።

ስለዚህ ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። መሙላቴ ኃጢአት አይደለም፤ አላህ ማንንም ከችሎታው በላይ አያስገድድምና። የሰበርኩት ግን የእኔ ዕዳ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ሰዓት ደግሞ የእኔም የእናንተም አማና ናት፤ እኔ ልወጣባት፣ እናንተ በሩን ልትለቁልኝ።

በዚህ ዓመት ረመዷን ያ ልጅ አድጎ ከልጆቹ ሶፍ ወደ እኛ ሶፍ መጥቷል። አንድ ማታ ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ጥርሴን ነክሼ ስወጣ አየኝ። ከሶላት በኋላ ኒሙ ሥር ተቀምጬ አገኘኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ አመመዎት?» አለኝ። «አላመመኝም፤ ቀድሜ ወጣሁ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ፤ ምንም አልተናገረም።

አላህ (ሱ.ወ.) ቁጣቸውን ከሚውጡትና ሰዎችን ይቅር ከሚሉት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።